የአጼ ምኒልክ የአድዋ ድል ምስል፦ ኤምዲኤፍ ላይ የተለጠፈው ወይስ በመስታወት ፍሬም? (ለጅማ ቤት)

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ሳሎኑ ላይ የሚሰቅለው የአጼ ምኒልክ የድል ምስል ልሰጠው ብዬ ጅማ ውስጥ ያልጠየቅኩት ማተሚያ ቤትና ፍሬም ሰሪ የለም ማለት ይቻላል፣ መጨረሻ ላይ ሁለት አይነት፣ አንዱን ኤምዲኤፍ በሚባለው ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ በሚሰራ ሰሌዳ ላይ አስለጥፌ ሌላውን በመስታወት ፍሬም አሰርቼ አንዱን ለሱ ሰጠሁት አንዱ እኔ ጋ አለ፣ ሁለቱም ሙሉ ክረምት ስላለፈባቸው ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምስሉን ምረጡ። በብዛት የሚገኘው ባለ ቀለሙ ነው፣ ለ ፕቲ ዡርናል የሚባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በ1898 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለነበር ከሁለት አመት በኋላ ማለት ነው። ሌላው እኔ የወሰድኩት ጥቁርና ነጩ ነው። በዛ ዘመን ብዙው የጋዜጣ ስዕል እንጨት ላይ እየተቀረጸ ነበር የሚታተመው፣ እንዲህ ያለው ግራጫ ቀለም የሚባል ነገር የለውም፣ ጥላው ሁሉ በቀጫጭን ጥቁር መስመር ነው የተሰራው፣ መስመሩ ሲቀራረብ ይጠቁራል ሲራራቅ ይነጣል። ጠጋ ብላችሁ የንጉሡን ጉንጭ እዩት፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰድሮ ታገኙታላችሁ፣ ራቅ ስትሉ ደግሞ ፊት ይሆናል። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። (ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ ያለበትን፣ ጣልያኖቹ በጎን በአንድ አይን የሚታዩበትን የምትፈልጉ ከሆነ ግን እሱ የኛ ሰአሊዎች የእጅ ስራ ነው፣ ህትመት ሳይሆን ስዕሉን ፈልጉ።)

መስመር ስለሆነ ታዲያ ፋይሉ ደካማ ከሆነ አለቀ። መጀመሪያ ያሰራሁበት ቤት ከፌስቡክ ያወረደውን ምስል ለጥጦ አተመልኝና የንጉሡ ጺም ጥላሸት መስሎ ወጣ፣ መስመር የሚባል የለም፣ ብሬን ከፍዬ ተናድጄ ነው የወጣሁት። ኤ3 (30 በ42 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ላይ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ጥርት ብሎ እንዲወጣ 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ከዛ ብዙ ካነሰ በትልቁ አታሳትሙ። በቴሌግራም ስትልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፣ በፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ይበላሻል። ከታች ያለውን ጽሁፍ እንዳይቆርጡትም ንገሯቸው፣ ለማሳመር ብለው ይቆርጡታል፣ የምስሉ ታሪክ እኮ እሱ ላይ ነው ያለው።

ኤምዲኤፍ ላይ የተለጠፈው እኔ ቤት ያለው ነው። በዋጋ ከፍሬሙ ረከስ ይላል፣ አይሰበርም፣ ከአዲስ አበባ አሰርታችሁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ብታመጡት እንኳን ምንም አይሆንም። ላሚኔሽኑ (ላዩ ላይ የሚለበጠው ስስ ፕላስቲክ) ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ የሚያብረቀርቀውን ካደረጉባችሁ ማታ አምፖሉ ንጉሡ ፊት ላይ ቁጭ ይላል፣ ማት የሚባለውን ጠይቁ። ቡና በየቀኑ የሚፈላበት እጣን የሚጨስበት ቤት ስለሆነ ጭሱ ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል። ችግሩ እርጥበት ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጠርዙ ባዶውን ከተተወ ውሃ ይስብና እንደ ዳቦ ያብጣል፣ የኔ ታችኛው ማእዘን ነሃሴ ላይ ከፍ ብሎ ላሚኔሽኑ መላቀቅ ጀምሮ ነበር፣ አሁን ጠርዙን ቀለም አስቀብቼዋለሁ ከኋላም ሁለት ትንንሽ እንጨት ለጥፌ ከግድግዳው አራርቄዋለሁ፣ ከዛ ወዲህ ደህና ነው።

የአባቴ በመስታወት ነው። ወረቀቱን ብቻ አሳትሜ ፍሬሙን እዚሁ ጅማ አናጺ ጋ ከዋንዛ አሰራሁት፣ በርጩማ እንደዛ አሳምሮ የሚሰራ ከተማ ላይ ተቀምጦ የፕላስቲክ ፍሬም መግዛት ለኔ አይዋጥልኝም። መስመሩ እዚህ ላይ ነው በደንብ የሚታየው፣ በወረቀትና በአይናችሁ መሃል ላሚኔሽን የለም። ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ግን በዙሪያው ነጭ ካርቶን ይግባበት፣ ከነካው በክረምት ይጣበቅና ስትለዩት ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ከኋላም ዙሪያውን በቴፕ ይታሸግ፣ አለበለዚያ ሻጋታ ይገባበታል፣ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ነው የሚጀምረው።

ካንቫስ የሚሉትን ለዚህ ምስል አልመክርም፣ የጨርቁ ሽመና ቀጫጭኑን መስመር ይበላዋል፣ ጭሱንም ይመጠዋል። ለባለ ቀለሙ ከሆነ ያስኬዳል።

እንግዲህ ተከራይ ከሆናችሁ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቤት ከሆነ ወይ ራቅ ላለ ሰው የምትልኩት ከሆነ ኤምዲኤፍ ማት ላሚኔሽን ጠርዙ ተቀብቶ። የራሳችሁ ቤት ላይ ለአመታት የሚሰቀል ከሆነ ግን ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን የዋንዛውን አሰሩ፣ እኔ ድጋሚ ባሰራ ሁለቱንም እሱን ነበር የማሰራው። ጎኑ የጅሬንን የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት ፎቶ በተመሳሳይ ፍሬም ሰቅዬለታለሁ፣ ሁለቱ ሲተያዩ ሳሎኑ ሌላ ሆነ።

ሲሰቀል ደግሞ፣ የመስታወቱ ከባድ ስለሆነ ጭቃ ቤት ከሆነ ምስማሩን ልስኑ ላይ አትምቱት፣ ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩና ማገሩን ፈልጋችሁ እሱ ላይ ምቱት።