ከጎንደር ወደ ጅቡቲ ባሕር፦ በባቡር፣ በአውሮፕላን ወይስ በአውቶቡስ? ወጪውን ደምሬ የደረስኩበት

ጅቡቲ ሄጄ ባሕር አይቼ ከተመለስኩ ወዲህ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «በምን ሄድክ? ስንትስ ፈጀብህ?» እስካሁን ለእያንዳንዱ በቃል ስመልስ ቆይቻለሁ። ለመጻፍ ያስነሣኝ ግን ባለፈው ሳምንት የሰማሁት ነገር ነው። ጎረቤታችን እማማ ጅቡቲ የሚሠራ ልጃቸውን ሊጠይቁ ቆርጠው ተነሥተው፣ «የባቡር ቲኬት እኔ አስቆርጥልዎታለሁ» ላላቸው ሰው ቀብድ ሊሰጡ ነበር። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ እንዲሁ አድርጌ የከሰርኩት ገንዘብ እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ፣ ሌላ ሰው በዚያው ጉድጓድ እንዳይገባ የማውቀውን ሁሉ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ምርጫዬን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ለባቡሩ አደላለሁ። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ የምትችሉ በአውሮፕላን ሂዱ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ግን በባቡር ተጓዙ፣ አቅምና ጊዜ ካላችሁም ድሬዳዋ ላይ ወርዳችሁ እረፉ። አውሮፕላኑንና አውቶቡሱን ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ፣ ለማን እንደሚሆኑና እንደማይሆኑም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንዳንድ ሰዎች «ለጎንደር የሚቀርበው ባሕር ሌላ አይደለም ወይ?» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በአየር ላይ መስመር ቢለካ ምጽዋ ከጎንደር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስትርቅ፣ ጅቡቲ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ነገር ግን የኤርትራ ድንበር በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ ለአጭር ጊዜ ብቻ ተከፍቶ የተዘጋ በመሆኑ፣ በመተማ በኩል ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው መንገድም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ስላለበት፣ ለእኛ ለመንገደኞች የቀረን ባሕር የጅቡቲው ነው።

ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው ሐዲድም 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ባቡር ተጓዥ ነኝ የሚል ጎንደሬ የጉዞውን ግማሽ ሐዲድ በሌለበት ይሄዳል፤ ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የባቡሩን ቲኬት ዋጋ ብቻ ሰምቶ «ይህ እኮ ርካሽ ነው» ብሎ ይነሣል፤ ከአዘዞ አየር ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለውን፣ አዲስ አበባ የሚያድርበትን፣ ከቦሌ እስከ ለቡ ባቡር ጣቢያ ያለውን ታክሲ ግን አይቆጥርም። ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ መሄድ ይረክሳል፤ ሆኖም በዓባይ በረሃ በኩል ያለው መንገድ የሰላሙ ሁኔታ በተለዋወጠ ቁጥር ስለሚቋረጥ፣ የባቡሩን ቀን ቀድሞ የያዘ ሰው አውቶቡስ ላይ ከተማመነ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። እኔ በአንድ ጉዞ ከአውቶቡሱ ያተረፍኩትን ገንዘብ በሁለት ሌሊት የአልጋ ኪራይ መልሼ ከፍዬዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለው ሒሳብ ግን የባቡሩን ብልጫ ያሳያል። በማስታወሻ ደብተሬ እንደያዝኩት፣ የባቡሩ የመቀመጫ ቲኬት ለዚያው መንገድ ለአውሮፕላን ከከፈልኩት ሩቡን እንኳ አልሞላም። ከዚህም በላይ የባቡሩ ቲኬት ለቡ ላይ በብር የሚቆረጥ ሲሆን፣ የውጭ አገር በረራ ዋጋ ግን ከዶላር ጋር የተያያዘ ነው። የብር ምንዛሬ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ማለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ዋጋዎች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ለምን እንደማዳላ ይረዳኛል።

ከመኩራራቴ በፊት ግን ባቡሩ የሚደብቀውን ወጪ ልቁጠር። የድሮው ባቡር ጣቢያዎች በከተማ መሐል ነበሩ፤ ድሬዳዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሳፈርበት የአዲሱ መስመር ጣቢያዎች ግን ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ለቡ ከፒያሳ ሩቅ ነው፣ የድሬዳዋው ጣቢያ ከከዚራ ሩቅ ነው፣ የጅቡቲው ጣቢያ ናጋድም ከመሐል ከተማው ውጭ ነው። በየጣቢያው ደጃፍ የሚጠብቁት ባለታክሲዎች ባቡሩ ሲገባ ሌላ አማራጭ እንደሌላችሁ ያውቃሉ። ከናጋድ ከተማ ለመግባት የመጀመሪያውን ጊዜ ብቻዬን 2,000 የጅቡቲ ፍራንክ ከፈልኩ፤ በሁለተኛው ጉዞ ግን ባቡሩ ውስጥ አብረውኝ ከተቀመጡ ሦስት ሰዎች ጋር አስቀድመን ተስማምተን 500 ፍራንክ ብቻ ደረሰብኝ። ምግብም ቢሆን እንደ ድሮው በመስኮት የሚያቀብል ሻጭ የለም። የቤታችን ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ በሙቀት ስለማይበላሹ ከማንኛውም የሚሸጥ ምግብ ይበልጣሉ፤ ውኃ ግን ከምታስቡት በላይ ያዙ።

አሁን ወደ ደላላው ልመለስ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ከጎንደር ሳልነሣ ቲኬት እንዲይዝልኝ በስልክ ለተዋወቅሁት ሰው ከትክክለኛው ዋጋ ሁለት እጥፍ ላክሁለት። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይነሣ «ቀኑ ያልፍብሃል» ብሎ አስቸኮለኝ። አዲስ አበባ ስደርስ ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ቲኬቱ ቲኬት ይመስላል፣ የታተመበት ስም ግን የእኔ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ለቡ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ፓስፖርቴንና ቲኬቱን አስተያዩና አሳለፉኝ፤ ያሳለፉኝ ግን ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ነው። ባቡሩ ሲነሣ አጥሩ ጥግ ቆሜ አየሁት። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ስልክ አላነሣም። የሚቀጥለውን ባቡር ለመጠበቅ ያደርኩበት አልጋ ሲጨመር ያ ጉዞ ከአውሮፕላን ዋጋ ብዙም አልራቀም። የድንበር ተሻጋሪው ቲኬት በራስ ስም፣ በራስ ፓስፖርት፣ ከራሱ ከጣቢያው መስኮት ይቆረጣል። እናንተ አስቀድማችሁ መድረስ ካልቻላችሁ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የፓስፖርታችሁን ቅጂ ይዞ ሄዶ ይጠይቅላችሁ እንጂ፣ ለማታውቁት ሰው አንድ ብር አትላኩ። የጅቡቲ የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይም ገና ቲኬት ሳይቆረጥ ከኤምባሲው መጠየቅ አለበት፤ ደወሌ ድንበር ላይ ወረቀቱ ሳይሟላ መቅረት ከምንም ኪሳራ የከፋ ነው።

ቲኬቱ ሲቆረጥ የሚመጣው ምርጫ መቀመጫ ወይስ አልጋ የሚለው ነው፤ ሰዎች የማይጠይቁኝ ግን ሊጠይቁኝ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። ፉርጎዎቹ የቻይና ሥሪት በመሆናቸው አልጋዎቹ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ተደርድረዋል፣ ዋጋቸውም እንደ ከፍታቸው ይለያያል። ጉዞው በአብዛኛው የቀን ጉዞ ስለሆነ ውድ የሆነው የታችኛው አልጋ ቀኑን ሙሉ የሁሉም አግዳሚ ወንበር ይሆናል። እኔ የታችኛውን ገዝቼ እግሬን የዘረጋሁት ባቡሩ ድሬዳዋን ካለፈ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር እግሬ ሥር ተቀምጠው ነበር፣ «ተነሡ» ለማለትም አንደበቴ እሺ አላለኝም። የላይኛው አልጋ ርካሽ ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም፣ ነገር ግን ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም፣ መስኮቱም ከበታች ይቀራል። ለጤነኛና ለወጣት ሰው ተራው መቀመጫ ይበቃዋል፣ በተለይም ድሬዳዋ ላይ ወርዶ ለሚያድር። ለሽማግሌና ጉልበቱን ለሚያመው ግን የታችኛው አልጋ ምንም ቢወደድ ሊገዛ ይገባል፤ መሰላል ላይ መውጣት የለበትምና።

በመስኮቱ በኩል የሚታየውም ዋጋ አለው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ ባሕር ወለል ድረስ መውረድን በአውሮፕላን የሚያየው የለም። ሞጆንና አዳማን አልፎ፣ መተሐራ ላይ የፈንታሌን ተራራና የበሰቃን ሐይቅ እያሳየ፣ አዋሽን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ፣ ጋቢ ለብሶ የተሳፈረው ሰው በመጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ድሬዳዋ ሲቃረብ ጫማውንም ያወልቃል። ሰውነት ሙቀቱን ቀስ በቀስ ይለምደዋል። በአውሮፕላን በሄድኩ ጊዜ ግን በሩ ሲከፈት የጅቡቲ አየር ፊቴን እንደ ምጣድ ወላፈን መታኝ፤ የመጀመሪያውን ቀን ራሴን እያመመኝ አሳለፍኩት።

የባቡሩ ጉድለት መዘግየቱ ነው። መንገዱ 12 ሰዓት ያህል ይወስዳል ቢባልም፣ በአርብቶ አደሮች አገር ግመልና ከብት ሐዲዱን ስለሚያቋርጡ ባቡሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ይቆማል፤ እኔ አንድ ጊዜ 16 ሰዓት ተጉዣለሁ። በማግስቱ የሚያመልጠው ቀጠሮ ያለበት፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ ወይም ፈቃዱ ሦስት ቀን ብቻ የሆነ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ በአውሮፕላን ይሂድ፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። አውቶቡሱን ግን ለማንም አልመክርም። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ሙቀቱን ለመሸሽ ሌሊት ይነሣል፣ ድንበር ላይ ዕቃ ተሸክሞ መውረድና ሌላ መኪና መቀየር አለ፣ ዋጋውም ከባቡሩ መቀመጫ እምብዛም አይረክስም። በአፋር በኩል በጋላፊ ድንበር የሚያልፈው መንገድ ደግሞ የአገሪቱን ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች የሚተራመሱበት ነው።

ስለ ሻንጣ አንድ ነገር ልበል፤ ጣቢያዎቹ ረጃጅም መተላለፊያ ስላላቸው ጎማ ያለው ሻንጣ ያስፈልጋል። ከቅዳሜ ገበያ የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ሻንጣ በ1,800 ብር ገዝቼ ነበር። ለቡ ላይ አንዱ ጎማ ከነመያዣው ተነቀለ፣ ናጋድ ላይ የመጎተቻው ዘንግ ወጥቶ አልገባም አለ። ጎንደር ተመልሼ ያሳየሁት ጫማ ሰፊ ፕላስቲኩን በጥፍሩ ቆንጠር አድርጎ፣ «ይህ እኮ ቡሎን አይዝም፤ ባሰርከው ቁጥር ይሰነጠቃል» አለኝ፣ ለሙከራው ግን 250 ብር ተቀበለኝ። ለሁለት ወር ያህል ቆይቶ እንደገና ወለቀ። አዲስ አስመሳይ ከመግዛት ያገለገለ እውነተኛ መግዛት ይሻላል፤ ሲገዙም ጎማው በቡሎን የታሰረ መሆኑን ገልብጦ ማየት ነው፤ በምስማር ብቻ የተያዘ ከሆነ ይተውት።

ጅቡቲ ሲደርሱ ወጪው በፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ነው። ያደርኩበት ተራ ክፍል 9,000 ፍራንክ ማለትም 50 ዶላር ያህል ነበር፤ ዶላር በ57 ብር ሳለ ይህ 2,900 ብር አይሞላም፣ 100 ብር ሲያልፍ ግን ከ5,000 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ በባቡር ያተረፉትን ገንዘብ አልጋው ቶሎ ይበላዋል። ወራቱን መምረጥ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል የማይታሰብ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን በማራገቢያ ማደር ስለሚቻል ርካሹን ክፍል መያዝ ይቻላል።

ባሕሩን ለማየት በከተማው ዳርቻ መሄድ ብቻ ስለሚበቃ ክፍያ የለውም። የጣና ልጅ የሆነ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ባሕር ይሸሻል። ጠዋት እግሬን የነከርኩበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ጭቃ ሆኖ፣ ጥቃቅን ሸርጣኖች ይሯሯጡበት ነበር፣ ውኃው ሩቅ ሄዷል። ወደ ዶራሌ ወይም ወደ ኮር አምባዶ ለመዋኘት የሚሄድ መኪና ከመከራየቱ በፊት ውኃው የሚሞላበትን ሰዓት ይጠይቅ፤ ደርሶ ውኃው ሸሽቶ ካገኘው የኪራዩ ገንዘብ ባክኖ ቀረ ማለት ነው።

ሰዓትን ካነሣሁ፣ ቲኬት ላይ ያለውን ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጠይቁ ከመስኮቱ አትራቁ። ታናሽ ወንድሜ «8:00» የሚለውን 8 ሰዓት ብሎ አንብቦ፣ ምሳውን በልቶ ለቡ ሲደርስ ጣቢያው ባዶ ነበር፤ ባቡሩ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሄዷል።

ለእማማ ያዘጋጀንላቸው ዕቅድ ይህ ነው፦ ቀብዱ ቀርቷል። የሚሄዱት በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄደው የወንድማቸው ልጅ ቤት ሁለት ሌሊት ያርፋሉ፤ ቲኬቱን እርሱ በፓስፖርታቸው ይቆርጥላቸዋል፣ የታችኛውን አልጋ። «ለአንድ ቀን አልጋ ምን ያደርግልኛል፣ መቀመጫው ይበቃኛል» ብለው ተከራክረውኝ ነበር፤ የዋጋውን ልዩነት ቆጥሬ ሳሳያቸው ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ግማሹን አንተ ክፈል» አሉኝ። እሺ ብያለሁ።