የሰርፍ ሞተር በድሮ ላንድክሩዘር ላይ፦ ዋየሪንጉን የሠራልኝ ባለሙያ እንዴት ነው?

የ60 ሞዴል ላንድክሩዘር አለኝ። 2ኤፍ የሚባለው 4.2 ሊትር ቤንዚን ሞተር ነበረው፣ ነዳጅ አጠጣጡ አይጣል ነው። እሱን አውርጄ ከሰርፍ (ከቶዮታ ሃይለክስ ሰርፍ) የወረደ 1ኬዜድ ቲኢ፣ ማለትም 3.0 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ አስገጠምኩ። የካምቢዮውንና የሞተር መቀመጫውን ሥራ ልተወው። እዚህ የምጽፈው ስለ ኤሌክትሪኩ ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ በሚገባ ተገጥሞ ሳለ በሽቦ ምክንያት ብቻ መኪናቸው የቆመባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

የድሮው ሞተር ሽቦ ቀላል ነው። ቦቢና (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው)፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው)፣ ዲናሞ፣ ለጌጆቹ ጥቂት ሽቦ፣ በቃ። 1ኬዜድ ቲኢ ግን ናፍጣ ቢሆንም ፖምፓው (ነዳጅ የሚረጨው) የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከክራንክ፣ ከውሃ ሙቀት፣ ከቱርቦ ግፊትና ከሌሎችም ሴንሰሮች የሚመጣለትን እያነበበ ነው ነዳጁን የሚመጥነው። አንዱ ሽቦ ከተሳሳተ ወይ አይነሳም ወይ ጉልበት ያጣል።

መጀመሪያ የሠራው ጋራዥ ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለለው። የኮምፒውተሩን ኃይል የወሰደው ከሬዲዮው መስመር ነበር! ቁልፉ ሞተር ማስነሻው ላይ ሲደርስ የሬዲዮው መስመር ይቋረጣል። ስለዚህ ሞተሪኖው እየዞረ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ቁልፉን ስለቅ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ። እነሱ ግን «ፖምፓው ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዛ» አሉኝ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። ፖምፓው ምንም አልነበረውም።

ከዚያ ቄራ አካባቢ ወዳለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ወሰድኩት። የወደድኩት የመጀመሪያው ነገር፣ የተቀጠለውን ላስተካክል አላለም። «ከሞተሩ ጋር የመጣው ሙሉ ዋየሪንግ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። እንደ እድል ሆኖ ሞተሩን ከሶማሌ ተራ ስገዛ ኮምፒውተሩንም፣ ዋየሪንጉንም፣ ሶኬቶቹንም አብሬ ወስጄ ነበር። ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግቶ የበሩን፣ የመብራቱን፣ የኤሲውን ሽቦ እያወጣ ለየ፤ የሞተሩን ብቻ አስቀርቶ እያንዳንዱ ላይ ስሙን ለጠፈበት። ኦሪጅናል ሶኬቶቹን አንዱንም አልቆረጠም። መቀጠል የግድ የሆነበት ቦታ ላይ በቆርቆሮ በይዶ በሙቀት የሚጨማደድ ፕላስቲክ አለበሰው። ወንዝ የሚሻገር መኪና ላይ ይሄ ቅንጦት አይደለም፣ ናስትሮ ውሃና ጭቃ አይችልም።

ኮምፒውተሩን ካቢን ውስጥ ከዳሽቦርዱ ሥር አስቀመጠው። ኃይሉን ከትክክለኛው የኳድሮ (የቁልፍ ማዞሪያው) መስመር በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) እና በፊውዝ አመጣለት። ካንዴሊታዎቹ (ናፍጣ ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቁት) ብዙ ኃይል ስለሚስቡ ወፍራም ሽቦና የራሳቸው ሪሌ ተሰጣቸው። አሁን በአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ባንዴ ነው የሚነሳው። ማሳ (የኔጌቲቭ መስመሩ) ላይም አልሰሰተም፤ ከባትሪ ወደ ሞተሩ፣ ወደ ሻሲውና ወደ ቦዲው ለየብቻ ሽቦ ዘረጋ። ቀለሙን ፍቆ ነው ያሰረው።

ፖምፓው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ሪዚስተሮችም አሳየኝ። ለዚያው ፖምፓ ተለክተው የመጡ ናቸው። ፖምፓ ከቀየራችሁ እነሱም አብረው መምጣት አለባቸው፣ አለዚያ የነዳጁ ምጣኔ ይዛባል።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን የሙቀት ጌጁ ነው። የላንድክሩዘሩ ጌጅ ከራሱ የድሮ ሴንሰር ጋር ካልሆነ በትክክል አያነብም። ስለዚህ የድሮውን ሴንሰር በአዲሱ ሞተር የውሃ መስመር ላይ ገጠመው፣ የኮምፒውተሩ ሴንሰር በቦታው እንዳለ። 1ኬዜድ ከመጠን በላይ ከሞቀ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) እንደሚሰነጠቅ የሠራበት ሁሉ ያውቃል። ውሸት የሚያሳይ ጌጅ ይዞ ዳገት መውጣት ሞተሩን መግደል ነው።

የቼክ መብራቷንም ሠርቶልኛል። ብልሽት ሲኖር የምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን በትንሽ ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት ነው፤ መብራቷ ብልጭ እያለች ኮዱን ትቆጥራለች። ማሽን አያስፈልግም።

ጉድለትም አለው። ካለው ቀን በጣም ዘገየ፣ ስትደውሉለት ቶሎ አያነሳም። አርፒኤሙ (የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ጌጅ) እስካሁን አይሠራም፤ የድሮው የሚያነበው ከቦቢና ስለነበር ቦቢና የሌለው ናፍጣ ላይ ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል፣ እሱም እሠራዋለሁ ብሎ አልሠራውም። ዋጋውም ከሌሎቹ ይወደዳል። ለእኔ ግን ይገባዋል፣ በተለይ ሲያስረክበኝ የሽቦውን መስመር ከነቀለሙ በወረቀት ሥሎ ስለሰጠኝ። ገጠር ውስጥ ብቆም ሌላ ባለሙያ ያንን አይቶ ሊሠራው ይችላል።

ልትወስዱለት ካሰባችሁ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት አናግሩት። ኮምፒውተርና ዋየሪንግ የሌለው ሞተር ርካሽ ቢሆንም አትግዙ፣ የጎደለውን ለየብቻ ስትፈልጉ ከዚያ በላይ ያስወጣችኋል። የግዢ ሰነዱንም ያዙ፣ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስላለ ትጠየቃላችሁ። እኔ ኤሲውን ሳስገጥም የምመለሰው እሱ ጋር ነው፣ አርፒኤሙንም ያኔ አስጨርሰዋለሁ።