«ሁሉን ይፈጫል» የተባልኩት መፍጫ

ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ በ2,400 ብር ገዛሁ። «አልሞንድ ይፈጭልኛል ወይ?» ብዬ ባለሱቁን ጠየቅኩት። «አብሽሪ እህቴ፣ ሁሉን ይፈጫል» አለኝ። አመንኩት።

አልሞንዱ ለማርዚፓን ነው። ሆጤ ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ የልደት ኬክ በትእዛዝ እሠራለሁ። ማርዚፓን የተፈጨ አልሞንድና ስኳር አንድ ላይ ታሽቶ እንደ ሊጥ የሚዳመጥ ጣፋጭ ነው፤ የጀርመኗ ሉቤክ የምትታወቅበት። የእንቁላል ነጭ ካልገባበት የጾም ይሆናል። በፍልሰታ ኬክ ለሚያዝዙኝ ደንበኞች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አልሞንዱን እህቴ ከጂዳ ላከችልኝ። እዚህማ «ለውዝ» ስል የሚሰፈርልኝ ኦቾሎኒ ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ አቆይቼ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ከልጣጩ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ማድረቁ ላይ ነው የተቸገርኩት። የዚያን ሰሞን የጦሳ ተራራ ጉሙን አልገልጥ ብሎ ስለነበር ምጣድ ላይ ለብ እያደረግኩ አደረቅኩት።

የመጀመሪያው ቀን ጢም አድርጌ ሞልቼ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተጫንኩት። ሞተሩ ጋለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ስከፍተው ዘይቱ ወጥቶ የኦቾሎኒ ቅቤ መስሏል። ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ! (ልጆቹ ዳቦ ላይ ቀብተው ጨረሱት፤ ለነሱ ሠርግ ነበር።)

በማግስቱ ዘዴ ቀየርኩ። ስኳሩን አስቀድሜ ለብቻው ፈጨሁት። እዚህ ላይ መፍጫው አንደኛ ነው፤ የዱቄት ስኳር መግዛት አቁሜያለሁ። ከዚያ አንድ እፍኝ አልሞንድ ከሁለት ማንኪያ ከተፈጨው ስኳር ጋር። ስኳሩ ዘይቱን ይይዘዋል። 3 ሰከንድ ጫን፣ ልቀቅ፣ ነቅነቅ። በወንፊት ነፍቼ ሻካራውን መልሼ ፈጨሁት። 200 ግራም አልሞንድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ስኳሩም በጠቅላላው እኩል 200 ግራም ነው። የጽጌረዳ ውሃ በጠብታ እየጨመርኩ አሸሁት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ አልሞላም። በላስቲክ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ለደሴ ብርድ ፍሪጅ ምን ያደርጋል! ጠዋት ልስልስ ብሎ ተዳመጠልኝ።

መፍጫው ግን እንከን አለው። ክዳኑን በእጅ ካልተጫኑት አይሠራም፤ መዳፍ ያደነዝዛል። ገመዱ አጭር ነው። ውሃ ውስጥ ስለማይነከር ምላጩ ሥር የሚጣበቀውን በጥርስ ብሩሽ ነው የማስለቅቀው። ደግሞ አንዴ ቡና ከፈጩበት ሽታው አይለቅም፤ ማርዚፓኑ ቡና ቡና ይላል። ስለዚህ ቡናዬን ወደ ሙቀጫ መልሼዋለሁ።

ለአንድ የልደት ኬክ ይበቃል። ለሠርግ ኬክ ግን አልሞክረውም። በቀደም በሱቁ ሳልፍ ስለ ላስቲኩ ሽታ ለባለሱቁ ነገርኩት። «እህቴ፣ እሱ እኮ የቡና ነው» አለኝ።