ሲምማን 3ጂ፦ መግዛቱ ቀላል፣ ማኖሩ ከባድ

ጎብኚ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ክህሎት ላብራቶሪ ሲገባ መጀመሪያ የሚያሳዩት ሲምማን 3ጂን፣ ማለትም ታካሚን የሚያስመስለውን የሰው ቅርጽ ያለው መለማመጃ (ማኒኪን) ነው። ዓይኑን ያርገበግባል፤ ብርሃን ሲበራበት ብሌኑ ይጠባል፤ ያልበዋል፣ እንባ ያፈሳል፣ ይንቀጠቀጣል። ኦክስጅን አነሰው ሲባል ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል። ዲኑም፣ የፋይናንስ ኃላፊውም እዚያው ቆመው ይወስናሉ። እኛ የምንመዝነው ግን ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ ያሉትን አምስት ዓመታት ነው።

ዕቃው ራሱ ጥሩ ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው እንናገር። አምራቹ ሌርዳል የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ነው። ከአሻንጉሊት ሥራ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሬሰሲ አን የተባለችውን የትንፋሽና የደረት ግፊት መለማመጃ ያወጣ ነው። ሲምማን 3ጂ ያለ ገመድ ይሠራል፣ ኮምፕረሰሩም ባትሪውም በሰውነቱ ውስጥ ነው። በተለይ የመተንፈሻ ቧንቧው አስመስሎ አሠራር የሚደነቅ ነው፤ ምላሱን ማሳበጥ፣ መንጋጋውን መቆለፍ፣ ሳንባውን ማጠንከር ይቻላል። ላሪንጎስኮፕ (ጉሮሮን ማያ መሣሪያ) የያዘ ተማሪ የመተንፈሻ ቱቦውን በአፍ ማስገባት ሲያቅተው አንገትን ቀዶ አየር ወደ ማስገባት (ወደ አንገት ቀዳዳ) እንዲሸጋገር፣ ያንንም በጊዜው እንዲወስን ያስገድደዋል። በርካሽ ዕቃ ይህን ማስተማር አይቻልም። የደም ግፊት ሲለካ የሚሰማው ድምፅና በየቦታው የሚዳሰሰው የልብ ትርታም ከተቆጣጣሪው ስክሪን ጋር አብሮ ይለዋወጣል።

ጉድለቱ ያለው በሒሳቡ ላይ ነው። 200 ተማሪ ያለው አንድ ባች እንውሰድ። በስድስት ስድስት ሲከፈል 34 ቡድን ይሆናል። ለአንድ ቡድን 15 ደቂቃ ማብራሪያ፣ 20 ደቂቃ ልምምድ፣ 40 ደቂቃ ውይይት፣ 15 ደቂቃ ደግሞ ማኒኪኑን አድርቆ ለሚቀጥለው ማዘጋጀት፤ በድምሩ 90 ደቂቃ። በቀን አምስት ቡድን ከተስተናገደ አንዱ ልምምድ ብቻ ሰባት የሥራ ቀን ይወስዳል። ከስድስቱ ውስጥ እጃቸውን የሚያስገቡት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ ሌሎቹ ይመለከታሉ። ውይይቱን ቆርጠን ጊዜ እንቆጥብ የሚል አስተዳዳሪ ሁልጊዜ ይኖራል። ትምህርቱ የሚገባው ግን በዚያው ውይይት ነውና መቆረጥ ካለበት የልምምዱ ርዝመት ይቆረጥ።

ለደረት ግፊት ልምምድ ሲባል ይህን ማኒኪን መግዛት ስህተት ነው። ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ጥልቀትና በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ግፊት ለመማር ጥልቀቱን የሚያሳይ ተራ የደረት ማኒኪን ይበቃል። አሥር ሲኖሩ በየአንድ ሰዓቱ ሃያ ተማሪ ገብቶ ለሁለት ሰው አንድ ይደርሳል፤ 200ው ተማሪ በአሥር ሰዓት ውስጥ ሁሉም በእጁ ይሠራል። ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ማስገባት፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ)፣ ስፌት፣ ወሊድ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ተነጣጣይ፣ የአንድ የአካል ክፍል ብቻ መለማመጃ አላቸው። ለጀማሪ ተማሪ ከሚያልበው ሰው ይልቅ ተደጋጋሚ የእጅ ልምምድ ይጠቅመዋል። ተነጣጣዮቹ ሳይሟሉ ሲምማን የሚያስገባ ዩኒቨርሲቲ በቅሎ ገዝቶ ኮርቻ ረስቷል። ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፣ ለኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) እና ለሬዚደንት (ስፔሻሊቲ ለሚማር ሐኪም) የቡድን ሥራ ግን ሲምማን ዋጋውን ያወጣል።

የሚበላሸው ነገር በአብዛኛው የታወቀ ነው። የክንድ ቆዳና የደም ሥር ያልቃሉ፤ ወፍራም መርፌ የሚወጋበት ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ያልቃሉ። የአንገት ቀዳዳ ልምምድ በተደረገ ቁጥር የአንገቱ ሽፋን ይቀየራል። ለመተንፈሻ ቧንቧው ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ማለስለሻ ብቻ መርጨት ያስፈልጋል፤ ቫዝሊንና ሌላ የነዳጅ ዘይት ውጤት መቀባት ፕላስቲኩን ይጎዳዋል። አዮዲንና የእስክሪብቶ ቀለም ቆዳው ላይ ከገቡ አይለቁም፤ ስለዚህ በሩ ላይ እስክሪብቶ የሚሰበስብ ሰው ማቆም እንደ ቀልድ ቢመስልም ይጠቅማል። ለላቡና ለደሙ ፈሳሽ ሲጠቀሙ የተጣራ ውሃ ይሁን፤ ሲጨርሱ በ60 እስከ 70 በመቶ ኢሶፕሮፒል አልኮል ማጠብ ያስፈልጋል። ይህ ሳምንት ሙሉ ከታለፈ ቱቦዎቹ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፤ ደሙ መፍሰስ ያቆማል፣ ላቡም ይደርቃል። ዲፊብሪሌተር (ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ) የሚገናኘው በተመደበለት ማያያዣ ብቻ ነው፤ የታካሚ ፓድ ወይም ጄል ደረቱ ላይ መለጠፍ ቆዳውን ይበሳሳል። በኦክስጅን ማናፈስም አይገባም። ባትሪው አዲስ ሳለ አራት ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ሲያረጅ ግን ከምሳ በፊት የሚሞት ታካሚ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው የሰው ጉዳይ ነው። ማኒኪኑን ማስነሳት፣ ላፕቶፑን ማገናኘት፣ ልምምዱን መጫን፣ ማጠብ፣ ማድረቅ የአንድ ቴክኒሻን ሙሉ ሥራ ነው። ሥልጠናው ለአንድ ሰው ብቻ ከተሰጠና ሰውየው መሥሪያ ቤት ከቀየረ ዕቃው በሸራ ተሸፍኖ ይቀራል። ሁለት ይሠልጥኑ፤ የሥራ መደባቸውም ግዥው ሳይፈረም ይጽደቅ። መምህራንን በተመለከተ ልምምዱ በሥራ ጫና ስሌታቸው ውስጥ እንደ ክፍለ ጊዜ ካልተቆጠረ አይመጡም፣ እውነታቸውንም ነው።

ለጨረታ ሰነድ የምንመክረው ይህ ነው። ዋጋው የማኒኪኑ ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመት የጥገና ውል፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ፣ የባትሪ ቅያሪና ቢያንስ የሁለት ዓመት ቆዳና የደም ሥር አንድ ላይ ተጽፎ ይቅረብ። ጥገናው በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ መለዋወጫው የት እንደሚቀመጥ ይገለጽ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ የባትሪ መሣሪያ)፣ ገለል ያለ የመቆጣጠሪያ ክፍልና ካሜራ በሌላ ግዥ ይመጣሉ ተብሎ አይተው፤ በሌላ ግዥ የሚመጣ ነገር ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ርክክቡ ሳጥን ቆጥሮ በመፈረም አይሁን። ቴክኒሻኖቹ ራሳቸው፣ ያለ ሻጩ እጅ፣ አንድ ሙሉ ልምምድ አስነስተው፣ ላብና ደም አፍስሰው፣ አጥበው፣ አድርቀው በማግስቱ ደግመው ያስነሱት። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ከዚያ ሁለተኛ ቀን በኋላ ነው።