አሥር ሳንቲሜን አይተው እውነቱን ለነገሩኝ ብር ሠሪ

ባሕር ዳር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም ነው። ገበያው ጠርዝ ላይ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ የሚሠሩ ብር ሠሪ ናቸው። ስምዎን ልጻፍ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ሥራዬን ንገር፣ ስሜን ተወው» አሉኝ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

ነገሩ የተጀመረው ሽምብጥ፣ እናቴ ቤት ነው። ድሮ ሱቅ ስትሠራ የተራረፈውን ዝርዝር በኒዶ ጣሳ አስቀምጣዋለች። ባለፈው ወር ጣሳውን ዘርግፌ ሳይ አንድ አሥር ሳንቲም ዓይኔን ያዘው። በአንድ በኩል የአንበሳው ራስ እንደ ወትሮው አለ። በሌላው በኩል፣ ኒያላው ሊኖርበት በሚገባው ቦታ፣ ሌላ አንበሳ! ፊቱን ወደ ተቃራኒ ያዞረ፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ አንበሳ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ እንኳ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጧል። ልቤ ተሰቀለ።

ፎቶውን ለጠፍኩ። ሳንቲም ገዢ ነኝ ያለ አንድ ሰው በቴሌግራም መጣና «ይሄ ከፋብሪካ ተሳስቶ የወጣ ነው፣ በ80 ሺህ ብር እወስደዋለሁ» አለኝ። በማግስቱ ደግሞ «መጀመሪያ ለማረጋገጫ ወረቀት 4 ሺህ ብር አስገባ» አለ። ልልክለት ነበር። የያዘችኝ እናቴ ናት። «እስቲ መጀመሪያ ብረት የሚያውቅ ሰው ይየው» አለች። የአንገት መስቀሏ ማንጠልጠያም ተሰብሮ ስለነበር መስቀሉንም ሳንቲሙንም፣ ከጣሳው ጥቂት ሌሎች አሥር ሳንቲሞችም ጨምሬ ሄድኩ።

ጋሼ ቸኩለው አልፈረዱም። መጀመሪያ በወርቅ ሚዛናቸው መዘኑት። ከዚያ ሌሎቹን ሳንቲሞች መዘኑ። ከእኩያዎቹ ጋር እኩል ነው። እኔ ደስ ሲለኝ አይተው «ክብደቱ ብቻውን አይመሰክርም። የተጨፈለቀ ብረትም ክብደቱን አያጣም» አሉኝ።

ማግኔት አመጡ። የእኔን አልሳበውም፣ ከሌሎቹ ሁለቱን ግን ሳበ። «ይኸው፣ ልዩ ነው!» አልኩ። እሳቸው ግን ቀኑን አስነበቡኝ፦ ፲፱፻፷፱። የዚያ ዘመኑ አሥር ሳንቲም ናስ ነው፣ ማግኔት አይስበውም። በኋላ የመጡት ውስጣቸው ብረት ሆኖ ላያቸው ናስ የተቀባ ስለሆነ ይሳባሉ። ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው፣ ስህተት የሚባል ነገር የለበትም።

ከዚያ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ማጉያ አድርገው ሳንቲሙን ወደ ብርሃን እያዘነበሉ ዝም ብለው አዩት። ቆይተው ማጉያውን ለእኔ ሰጡኝ። «የአንበሳው ጆሮ አጠገብ ምን አለ?» ምንም አልታየኝም። «ቀስ ብለህ አዘንብለው።» አዘነበልኩት። የኒያላው ቀንድ! ተደፍጥጦ፣ ቀጥኖ፣ በጎደጎደው አንበሳ ሥር ተጋድሟል።

እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ሳንቲም የሚመታው በሁለት ማኅተሞች መካከል ነው። አንዳንዴ የተመታው ሳንቲም ሳይወጣ ከአንዱ ማኅተም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ቀጥሎ ያልተመታ ጠፍጣፋ ሲገባ በዚያ በኩል የሚያገኘው ማኅተሙን ሳይሆን የተጣበቀውን ሳንቲም ፊት ነው። ስለዚህ የተገለበጠ፣ የጎደጎደ ምስል ይዞ ይወጣል። እውነተኛ ስህተት ይሄ ነው፣ ሰብሳቢዎችም ይፈልጉታል። ግን እንዲህ ሲሆን የኒያላው ማኅተም ያንን ፊት ጨርሶ አልነካውም ማለት ነው። ቀንዱ ከየት ይመጣል? ቀንዱ ካለ ሳንቲሙ መጀመሪያ በደንብ ተመትቶ ወጥቷል፣ አንበሳው የተጨመረበት ኋላ ነው።

ቀጥለው ገለበጡት። በደህናው በኩል ያለው አንበሳ ጋማው ተደፍጥጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ከሌላው አሥር ሳንቲም ጋር ጎን ለጎን ስናየው ልዩነቱ ግልጽ ነው። «ይሄ የሞርሳ ሥራ ነው» አሉ። ሞርሳ ብረት ጨምድዶ የሚይዘው መጠረቂያ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ሳንቲም ደራርቦ በእሱ ጠርቆታል።

እንዳምን ብለው ደግሞ ሠርተው አሳዩኝ። ቁራጭ መዳብ በእሳት አለሰለሱ፣ አቀዘቀዙ፣ ከአንድ ደህና አሥር ሳንቲም ጋር ደርበው ሞርሳው ውስጥ ከተቱና እጀታውን በሙሉ ክብደታቸው አዞሩት። ሲፈቱት መዳቡ ላይ የተገለበጠ አንበሳ ጎድጉዶ ተቀምጧል። ያችን መዳብ ሰጥተውኛል፣ አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት።

ፊቴ ሲጠቁር አይተው መሳቢያቸውን ከፈቱ። ጠርዙ ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል የተከረከመ የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም አወጡ፣ የጃንሆይ ምስል ያለበት። ይሄስ ተበላሽቷል? አልኳቸው። አልተበላሸም። ክቡ ሃያ አምስት ሳንቲም በመጠን ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር ይቀራረብ ስለነበር ሰዎች ብር እየቀቡ ሃምሳ ነው ብለው ይሰጡት ነበር። መንግሥት ይህን ለማስቀረት ጠርዙን ከረከመው። ቀኑ ግን በክቡም በተከረከመውም ላይ ያው 1936 ነው። እኔ መንገድ ላይ ባገኘው የተበላሸ ብዬ አልፈው ነበር።

እኒህ ሰው «አምስት መቶ ብር እሰጥሃለሁ» ብለው ዝም ቢያሰኙኝ ይችሉ ነበር። «ልዩ ነው» ብለው ቢያስከፍሉኝም እከፍል ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ሥራቸውን አቁመው አስተማሩኝ፣ ለዚህ አንድ ብር አልተቀበሉም። የከፈልኩት ለመስቀሉ ብየዳ ብቻ ነው። እሱንም ፊቴ መዝነው ተረከቡኝ፣ ፊቴ መዝነው መለሱልኝ። ብየዳው የት እንደሆነ እናቴ ብትፈልግም አላገኘችው።

የብር መስቀል፣ ቀለበት፣ የአንገት ሐብል የሚጠገን ያላችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ግራ የሚያጋባ ሳንቲም የያዛችሁ፣ ለማንም ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። ሳንቲሙን አትጠቡት፣ አትወልውሉት፣ እንዳለ ውሰዱት። ከእኩያዎቹም ሁለት ሦስት ጨምሩ፣ ማነጻጸሪያ ይፈልጋሉ። ሱቁን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። እናቴ ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ፣ ይምጡልኝ ብላለች።