ጊድራ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት ጋር፦ የሦስት ወር ግምገማ

ላለፉት ሦስት ወራት ጊድራ የተባለውን የሪቨርስ ኢንጂነሪንግ (ያለቀለትን ፕሮግራም ፈትቶ አሠራሩን የማጥናት) ሶፍትዌር ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት (ትእዛዝ ተቀብሎ ሥራውን በራሱ ከሚያከናውን ፕሮግራም) ጋር አገናኝቼ ስሠራበት ቆይቻለሁ። ጊድራ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ለሕዝብ የለቀቀው፣ ኮዱ ክፍት የሆነና በነፃ የሚወርድ መሣሪያ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ጊድራኤምሲፒ የተባለው ፕለጊን ሲጨመርበት ኤጀንቱ ራሱ ፋንክሽኖችን (የፕሮግራሙን ትናንሽ የሥራ ክፍሎች) እየከፈተ ያነባል፣ የትኛው የትኛውን እንደሚጠራ ይከታተላል፣ ስምም ይቀይራል። መጫኑ አሰልቺ ቢሆንም ከግማሽ ቀን አያልፍም።

የሞከርሁት ከአገልግሎት ባወጣሁት የራሴ አሮጌ የዋይፋይ ራውተር ፈርምዌር (በመሣሪያው ውስጥ ተጭኖ የሚያሠራው ሶፍትዌር) ላይ ነው፤ የሌላ ሰው መሣሪያ ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። ፈርምዌሩን ቢንዎክ በተባለ የፈርምዌር መፍቻ መሣሪያ ፈትቼ፣ የራውተሩን የማስተካከያ ገጽ የሚያስተናግደውን ፕሮግራም አወጣሁ። አምራቹ የፋንክሽኖቹን ስሞች ስለፋቃቸው ጊድራ ለእያንዳንዱ የአድራሻውን ቁጥር ስም አድርጎ ይሰጠዋል፤ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ፋይል ስይዝ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያልቁት ስም በማውጣት ነበር። ኤጀንቱ ይህንን በአንድ ምሽት ጨረሰው። ጠዋት ተቀምጬ ሳመሳክር አብዛኞቹ ትክክል ነበሩ፤ በተለይ የይለፍ ቃል የሚያመሳክረውን ፋንክሽን፣ በውስጡ አንድም ጠቋሚ ጽሑፍ ሳይኖር፣ የጠሪዎቹን ሥራ ተከትሎ መለየቱ አስደንቆኛል።

ተጋላጭነት (ለጥቃት በር የሚከፍት ስሕተት) እንዲፈልግ ሳዝዘው ግን ጠባዩ ተለወጠ። 11 ግኝቶችን ደረደረልኝ፤ ስምንቱን «እጅግ አደገኛ» ብሏቸዋል። የመጀመሪያው 64 ባይት በሚይዝ ቦታ ላይ የተጠቃሚ ስም ርዝመቱ ሳይለካ ይገለበጣል የሚል ነበር፤ ያንን ፋንክሽን ብቻ ለሚያይ ሰው ክሱ እውነት ይመስላል። ሁለት ጥሪ ወደ ኋላ ስሄድ ግን ከ32 ፊደል የረዘመውን ስም የሚጥል ፍተሻ አገኘሁ። ይህንን ባሳየው ይቅርታ ጠየቀና ፍተሻውን የሚዘልል ሌላ መንገድ አለ አለኝ፤ መንገዱ ያልፍበታል ያለው ፋንክሽን በፋይሉ ውስጥ የለም።

የስሕተቱ ምንጭ ለማግኘት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ኤጀንቱ ስም ሲያወጣ ያንን ፋንክሽን «አደገኛ ቅጂ» ብሎት ነበርና፣ በኋላ ተመልሶ ሲያነብ የገዛ ስሙን እንደ ማስረጃ ቆጠረው። ስሙን ወደ አድራሻ ቁጥሩ መልሼ በአዲስ ውይይት ስጠይቀው ፍተሻውን ራሱ አገኘው።

ከ11ዱ አንዱ እውነተኛ ሆኖ ተገኝቷል። የኔትወርክ መመርመሪያው ገጽ ተጠቃሚው የሚጽፈውን አድራሻ ሳያጣራ ለሲስተሙ የትእዛዝ መስመር ያቀብላል፤ ፕሮግራሙን በኪዩኢሙ (የሌላን መሣሪያ አሠራር በኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ በሚያስኬድ ሶፍትዌር) አስነሥቼ ከአድራሻው ቀጥሎ ባዶ ፋይል እንዲፈጠር የሚያዝ ቃል ባስገባ ፋይሉ ተፈጠረ። እኔ ብቻዬን ብሆን ወደዚያ ገጽ የምደርሰው በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ።

ይህ ሚዛን የእኔ ብቻ አይደለም። ተመራማሪው ሾን ሄላን እ.ኤ.አ. በ2025 በኦፕንኤአይ ኦ3 ሞዴል በሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ቀድሞ ያልታወቀ ተጋላጭነት ማግኘቱን ሲገልጽ፣ ሞዴሉን የፈተነበትን አስቀድሞ የሚያውቀውን ሌላ ስሕተት ከ100 ሙከራ በ8ቱ ብቻ እንዳገኘው፣ 28 ሐሰተኛ ሪፖርት እንዳቀረበም ጽፏል። ከርል የተባለው የመረጃ ማስተላለፊያ ሶፍትዌር ፕሮጀክት መሪ ዳንኤል ስቴንበርግም እንዲህ ያሉ ሳይጣሩ የሚላኩ ሪፖርቶች ጊዜያቸውን እንደሚበሉባቸው ደጋግሞ አማርሯል።

በነፃ የሚገኘው ጊድራና ፕለጊኑ እንጂ ኤጀንቱን የሚያሠራው ሞዴል አይደለም፤ ረጅም ፋንክሽን በተከፈተ ቁጥር ሂሳቡ ይንራል። የደንበኛ ፋይል የያዘ ሰው ደግሞ ኮዱ ወደ ውጭ ሰርቨር እንደሚሄድ አስቀድሞ ከውሉ ጋር ያስተያይ።

እኔ አሁን ስም የመቀየር ፈቃድ የምሰጠው በመጀመሪያው ምሽት ብቻ ነው። ፍለጋው በሌላ ውይይት፣ ስሞቹ ባልተነኩበት ቅጂ ላይ ይሄዳል፤ በኪዩኢሙ ያልተረጋገጠውንም ግኝት ብሎ እንዳያቀርብ አዝዘዋለሁ። በዚህ አሠራር ያንኑ ፋይል ስሰጠው 11ዱ ወደ 3 ወርደዋል።