እጅጌው የተዋጣለት፣ ደረቱ ግን እርማት የሚሻ የቀሚስ ፓተርን

በኢንተርኔት ተገዝቶ በቤት ውስጥ በኤ4 ወረቀት የሚታተመው ይህ የሴቶች ቀሚስ ፓተርን (ጨርቁ በልኩ የሚቆረጥበት የወረቀት ንድፍ) ወገቡ ላይ ስፌት ያለው፣ እጅጌው ለብቻው ተቆርጦ የሚገጠምና ስምንት መጠኖችን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ልክክ ብሎ የሚቀመጥ ቀሚስ መስፋት ለሚፈልግ ሰው ገንዘቡ የሚገባው ሥራ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ደረቱ ላይ ያለውን ጉድለት አስቀድሞ አውቆ መቁረጥ ያስፈልጋል።

የፓተርኑ ብርታት የሚታየው ብብትና እጅጌ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ብዙ ፓተርኖች የሚበላሹት እዚህ ላይ በመሆኑ መጀመሪያ የመረመርኩት ይህንኑ ነበር። ሜትሩን በጠርዙ አቁሜ የስፌቱን መስመር ተከትዬ ስለካ፣ የእጅጌው አናት ከብብቱ ዙሪያ በ3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። ይህ ትርፍ ጨርቁ ሳይሸበሸብ በካውያ እንፋሎት እየተሰበሰበ ሲገባ እጅጌው በትከሻው ጫፍ ላይ ክብ ብሎ ይወርዳል፤ ትርፉ ከዚህ ቢበዛ አናቱ ይነፋ፣ ቢያንስ ደግሞ ክንድ ሲነሳ ቀሚሱ አብሮ ይሳብ ነበር። የፊቱ ብብት ከኋላው ይልቅ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ መቀደዱም ትክክል ነው፤ ክንዳችን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ስለሚዘረጋ ሰፋ ያለ ጨርቅ የሚያስፈልገው ጀርባችን ነውና። በፊት በኩል አንድ፣ በኋላ በኩል ሁለት የመግጠሚያ ምልክቶች ስለተደረጉ የቀኝና የግራ እጅጌ አይምታታም።

በደረቱ ግን አልረካሁም። ለደረት ቅርጽ እንዲሰጥ ጨርቁ ተቆንጥጦ የሚሰፋበት ዳርት ጫፉ የጡቱ አናት ድረስ ዘልቆ ተስሏል፤ ከአናቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ማብቃት ነበረበት፣ አለዚያ የተሰፋው ልብስ በዚያ ቦታ ሹል ሆኖ ይወጣል። ከዚህ የከፋው የመጠን ሰንጠረዡ ገዢዋን ሙሉ የደረት ዙሪያዋን ብቻ ይዛ እንድትመርጥ ማዘዙ ነው። አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር በተሪክ እ.ኤ.አ. በ1863 በመጠን የተከፋፈሉ የወረቀት ፓተርኖችን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፓተርን በአብዛኛው የሚቀረጸው ለአንድ አማካይ ሰውነት ነው። ጡቷ ከዚያ አማካይ የሚበልጥ ሴት በሙሉ ደረቷ ከመረጠች ትከሻውና አንገቱ የሚሰፋ ልብስ ይደርሳታል። ስለዚህ ሜትሩን ከብብት ሥር፣ ከጡት በላይ አዙራ ለክታ በዚያ መጠን እንድትመርጥና የጎደለውን ስፋት በፊቱ ቁራጭ ላይ ብቻ እንድትጨምር እመክራለሁ። ሻጮቹ ለተለያየ የጡት መጠን የሚሆኑ የፊት ቁራጮችን ለየብቻ ቢያዘጋጁ ይህ ሁሉ ድካም ይቀር ነበር።

ኅትመቱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ባለ10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ሳይለኩ ወደ መቁረጥ መሄድ አይገባም። ማተሚያው ገጹን በ3 በመቶ ብቻ ቢያሳንሰው፣ 92 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደረት ወደ 2.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያጣል፤ ይህም ልብሱ ሰውነትን እንዳያጣብቅ ከሚተውለት የምቾት ትርፍ ላይ የሚነሳ ነው።

የአሠራር መመሪያው ግልጽ ቢሆንም፣ በአቡጀዲ አስቀድሞ ሰፍቶ መሞከርን የሚያነሳው መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቦታው መጀመሪያ ላይ መሆን ነበረበት፤ ምክንያቱም ከጡት ወደ ብብት በሰያፍ የሚሳበውን መጨማደድ፣ ወይም ወገቡ ከተፈጥሮ ወገብ በላይ መቅረቱን ወረቀቱ አያሳይም፣ የተለበሰ አቡጀዲ ግን ወዲያው ያሳያል። ቁመት ለመጨመርና ለመቀነስ የሚያገለግለው መስመር ከወገቡ በላይም ከወገቡ በታችም ስለተሰመረ፣ በአቡጀዲው ላይ የታየውን ልዩነት ወደ ወረቀቱ መመለስ ቀላል ነው። የድሩን አቅጣጫ የሚያመለክተው ቀስትም በየቁራጩ ላይ ረዘም ተደርጎ ስለተሰመረ ከጨርቁ ዳር እኩል ርቀት ላይ ለማስተካከል አያስቸግርም።